የዛገ ዶማ፣ የላላ ዛቢያ፣ የሚያፈስ ማጠጫ፦ ለየትኛው ዕቃ የትኛው ጥገና ይሻላል?

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከብዙ ቤት ጓሮ የሚወጣው ዕቃ ተመሳሳይ ነው፤ ቀይ ዝገት የለበሰ ዶማ፣ ራሱ የሚወዛወዝ መጥረቢያ፣ ጫፉ የተጠቀለለ አካፋ፣ ከሥሩ የሚያንጠባጥብ የቆርቆሮ ማጠጫ፣ ተጣብቆ የማይከፈት መግረዣ መቀስ። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዝገቱን ነው። ግማሽ ቀን ብረቱን ሲፈገፍግ ውሎ ሲደክመው፣ የላላው ዛቢያ እንደላላ፣ የዶለዶመው ስለትም እንደዶለዶመ ይቀራል።

እንደ እውነቱ ከሆነ ዕቃውን ከሥራ የሚያስወጣው ዝገት ብቻውን እምብዛም አይደለም። ወፍራም ዶማ ላይ ያለ ቀይ ዝገት ለዓመታት ቢቀመጥም መሬት መቆፈሩን አይከለክልም። ልል ዛቢያ ግን ሰው ይጎዳል፤ ዶልዱም ስለት ደግሞ ጉልበት ይበላል። ስለዚህ ጊዜና ገንዘብ ሲመደብ መጀመሪያ ኃይል የሚሸከመው ክፍል ይታያል፣ ቀጥሎ የሚቆርጠው፣ መልኩ በመጨረሻ። ከዚህ በታች ያሉት ምርጫዎች ሁሉ የሚመዘኑት በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ከመምረጥ በፊት፦ ብረቱ ምን ዓይነት ነው?

አንዱን ዕቃ የሚያድነው ዘዴ ሌላውን ያበላሻል። ሦስት ነገር መለየት ግድ ነው።

የመጀመሪያው ውፍረት ነው። ዝገቱ እንደ ቅርፊት እየተላጠ የሚወድቅ ከሆነ ሥሩን በካቻቪቴ ጫፍ ጫን ብለው ይውጉት። ጫፉ ከገባ ወይም ብረቱ ከሰረጎደ ውስጡ ተበልቷል፤ ማጽዳቱ ቀዳዳውን ከማሳየት አያልፍም። በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ብረት ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ወይም የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ስንጥቅ ወይም የላላ መጋጠሚያ አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ብረቱ ዚንክ የተለበጠ ነው ወይስ ባዶ የሚለው ነው። ማጠጫ፣ ባልዲና አንዳንድ የእጅ ጋሪ ሣጥን ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ነው፤ ከቀለም በፊት ግራጫ ሆኖ ላዩ ላይ የተሰነጣጠቀ በረዶ የሚመስል ቅርጽ ይታይበታል። እነዚህ አሲድ ውስጥ አይገቡም። አሲድ ከዝገቱ ቀድሞ ዚንኩን ይበላል፤ ዚንኩ ካለቀ ቆርቆሮው በአንድ ክረምት ይበሳሳል።

ሦስተኛው የብረቱ ጥንካሬ ነው። በአገራችን አንጥረኞች የሚሠሩት ብዙ ዶማዎችና መጥረቢያዎች ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ካርቦኑ የበዛ ብረት ስለሆነ ስለት ይይዛል፤ ነገር ግን በተራ ብየዳ ይሰነጠቃል። ተራው አካፋና የእጅ ጋሪ ሣጥን ለስላሳ ብረት ነው። ለመለየት ግራይንደር ካለ የማይታይ ጠርዝ ላይ ትንሽ ይነካል። ለስላሳ ብረት ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ቅርንጫፍ ያልበዛበት ብልጭታ ይሰጣል። ካርቦን የበዛበት ደግሞ አጠር ብሎ እንደ ርችት የሚበተን ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ነው። ግራይንደር ከሌለ በሞረድ ይሞከራል። ሞረዱ በቀላሉ ከነከሰ ለስላሳ ነው፣ በጉልበት ከነከሰ መካከለኛ፣ ጨርሶ እንደ መስታወት ከተንሸራተተ በጣም የጠጠረ።

ዝገት ማስለቀቅ፦ በእጅ፣ በአቼቶ፣ በባትሪ መሙያ ወይስ በግራይንደር?

ለአብዛኛው ዶማና አካፋ የሽቦ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። መጀመሪያ አፈሩ በውሃ ታጥቦ ይደርቃል፣ የተላጠው ቅርፊት በአሮጌ ቢላ ይፋቃል፣ ከዚያ ብሩሽ፣ ከዚያ ቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት። አፈር የሚነካው ፊት እንዲያንሸራትት ከተፈለገ በ120 ይጨረሳል፤ ከዚያ በላይ ማለስለስ ለአካፋ ትርፍ ድካም ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ትንሽ ቢያስነኩት አይደፈንም፣ አቧራውም ወደ አፍንጫ አይበንም። ለአንድ አካፋ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ማንኛውንም ብረት አለማበላሸቱ ነው። ድክመቱ የመቀስ መገጣጠሚያና የማጭድ ጥርስ ውስጥ አለመግባቱ ነው።

አቼቶ እዚህ ላይ ይበልጠዋል። የገበያው አቼቶ 5 በመቶ ገደማ አሲድ አለው፤ ዝገቱን ሟሙቶ ወይም ላልቶ እንዲለቅ ያደርገዋል። ችግሩ መጠኑ ነው፤ የዶማ ራስ ሙሉ በሙሉ ለመንከር 3 ወይም 4 ሊትር ይጠይቃል። በዚያ ፈንታ ብረቱን በአቼቶ በራሰ አሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ በፌስታል ማሰር ይቻላል፤ ግማሽ ሊትር ይበቃል። ከዛቢያው መለየት አለበት፤ እንጨቱ አሲዱን ከጠጣ ከውስጥ ሆኖ ብረቱን ያዝጋል።

ሲትሪክ አሲድ በዱቄት ከተገኘ ከአቼቶ ይመረጣል። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም ይሟሟል። አይሸትም፣ ፈጣን ነው፣ ዋጋውም ለብዙ ዕቃ ሲከፋፈል ይቀንሳል። የሎሚ ጭማቂም ውስጡ ያለው ይኸው አሲድ ነው፣ በጥንካሬውም ከዚህ ቅልቅል ብዙ አይርቅም፤ ግን አንድ ዶማ ለመንከር ስንት ሎሚ እንደሚጨመቅ ማሰብ ነው። ለመቀስ ምላጭ ሎሚና ጨው ያዋጣል፣ ለዶማ አያዋጣም።

በሁለቱም አሲዶች ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው መርሳት ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ አውጥቶ በብሩሽ መሞከር፣ ካልለቀቀ መመለስ፣ ከ24 ሰዓት ግን አለማሳለፍ። ዝገቱ ሲያልቅ አሲዱ ጤነኛውን ብረት መብላት ስለሚቀጥል ፊቱ ጎርባጣ ሆኖ ይወጣል። የመቀስ ሞላ ጭራሽ ባይገባ ይሻላል፤ አሲድ ውስጥ የቆየ የጠጠረ ሞላ ተሰባሪ ይሆናል። ሁለተኛው ስህተት አውጥቶ በውሃ አለቅልቆ መተው ነው። ከአሲድ የወጣ ብረት እርቃኑን ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብርቱካናማ ዝገት ያወጣል። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሮ ማለቅለቅ፣ ወዲያው በጨርቅ ማድረቅ፣ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ማሞቅ፣ ትኩስ እያለ ዘይት መቀባት ነው።

ሦስተኛው ኤሌክትሮሊሲስ፣ ማለትም ዝገቱን ውሃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ማስለቀቅ ነው። ለሚታዘንለት አሮጌ ዕቃ፣ ለምሳሌ የፋብሪካ ማህተም ላለበት መጥረቢያ ወይም ዝገቱ ጉድጓድ ውስጥ ለገባበት ዕቃ፣ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ጤነኛውን ብረት አይነካምና። የሚያስፈልገው የፕላስቲክ ባልዲ፣ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ መሙያ፣ የማይፈለግ ተራ ብረት ቁራጭና የልብስ ሶዳ ነው። ሶዳው ሶዲየም ካርቦኔት መሆን አለበት፤ ከአብያታ ሐይቅ ሲመረት የቆየው ሶዳ አሽ ይኸው ኬሚካል ነው። ካልተገኘ ቤኪንግ ሶዳን በ200 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ምጣድ ወይም ኦቨን ላይ ማመስ ወደዚያ ይቀይረዋል። ልኩ ለ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው።

አሰካኩ እንዲህ ነው፤ ጥቁሩ፣ ማለትም ኔጌቲቩ፣ ከሚጸዳው ዕቃ ጋር፣ ቀዩ ከማይፈለገው ብረት ጋር፣ ሁለቱ እንዳይነካኩ። ገመዱ ከተገለበጠ የሚበላው የሚወደደው ዕቃ ነው። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። የሚጸዳው ከማይፈለገው ብረት ትይዩ ያለው ፊት ስለሆነ መሐል ላይ ይገለበጣል። አይዝጌ ብረት በቀዩ በኩል አይሰካም፤ መርዛማ ክሮም ወደ ውሃው ይለቅቃል። በሶዳ ፈንታ የምግብ ጨው አይገባም፤ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። የሚፈላው አረፋ ሃይድሮጅን ስለሆነ ሥራው ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይሁን። መሙያው ዘመናዊ አውቶማቲክ ከሆነ ባትሪ ካላገኘ ላይነሳ ይችላል። ይህ ሁሉ ለአንድ ተራ አካፋ ብዙ ግርግር ነው።

ግራይንደር ላይ የሚገጠም የሽቦ ብሩሽ ፈጣን ነው፤ 45 ደቂቃ የሚፈጀው በ5 ደቂቃ ያልቃል። አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ባለ 115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ይዞራል። ብሩሹ ላይ የተጻፈው የፍጥነት ልክ ከግራይንደሩ ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ሽቦዎቹ እንደ መርፌ ይበተናሉ። ጥሩ ብሩሽም ቢሆን ሽቦ ይጥላልና መነጽር ሳይደረግ አይነካም። የላላ ልብስና ነጠላ ይወልቃል፤ ብሩሹ ጨርቅ ከያዘ አይለቅም። ለቀጭን ቆርቆሮና ለስለት ጠርዝ ይህን ዘዴ አንመክርም።

በገበያ የሚሸጠው ዝገት ለዋጭ ፈሳሽ ዝገቱን አያነሳም፤ ወደ ጥቁር ጠጣር ሽፋን ይቀይረዋል። ከቀለም በፊት ለእጅ ጋሪ እግርና ለአጥር በር ጥሩ ነው። መሬት የሚፈገፍገው የዶማ ፊት ላይ ግን በመጀመሪያው ቀን ይነሳል።

ስለት፦ ሞረድ ያሸንፋል

እዚህ ላይ አቋማችን ግልጽ ነው፤ ለዶማ፣ ለአካፋ፣ ለገጀራና ለመጥረቢያ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ሞረድ ከግራይንደር ይበልጣል። ምክንያቱ ሙቀት ነው። የጠጠረ ብረት ስለቱ ሲግል ጥንካሬውን ይለቃል፤ ቀለሙም ይናገራል። ገለባ የሚመስል ቢጫ ሲሆን 220 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፣ ቡናማ ሲሆን 255 ገደማ፣ ሰማያዊ ሲሆን 300 ገደማ። ሰማያዊ የታየበት ስለት ምንም ቢሳል አይቆይም፤ ያ ክፍል ተሞርዶ እስኪወገድ ድረስ በየሳምንቱ ይዶለዱማል። «ስለት አይይዝም፣ ብረቱ መጥፎ ነው» የሚባለው መጥረቢያ ብዙ ጊዜ ግራይንደር ያቃጠለው ነው።

ግራይንደር ቦታ አለው፤ ድንጋይ የሸረፈውን ጠርዝ ለማስተካከል። ያኔም ፍላፕ ዲስክ (ብርጭቆ ወረቀት የተደራረበበት ዲስክ) ይገጠማል፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነክቶ ወዲያው ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ እጅ ሊነካው ከማይችል በላይ እንዲግል አይፈቀድም። የመጨረሻው ስለት በሞረድ ይወጣል።

አሞራረዱ፦ ዕቃው በመያዣ ወይም በጉልበትና በጉቶ መሐል ይጠበቃል። ሞረዱ ሲገፋ ተጭኖ፣ ሲመለስ ተነሥቶ ነው፤ ወደ ኋላ መጎተት የሞረዱን ጥርስ ይጨርሳል። ሞረዱን ጠመኔ መቀባት ብናኙ ጥርሱ ውስጥ እንዳይሰነቀር ያደርጋል። ሞረዱ እጀታ ከሌለው የበቆሎ ቆረቆንዳም ቢሆን ይሰካበት፤ ሹሉ ጭራ መዳፍ ይወጋል።

የስለቱ ዝንባሌ ከሥራው ጋር ይሄዳል። ድንጋያማ መሬት የሚቆፍር ዶማ 45 ዲግሪ፣ ለስላሳ አፈር የሚኮተኩት 30፣ መጥረቢያ ከ25 እስከ 30፣ መግረዣ መቀስ ከ20 እስከ 25። መለኪያ ከሌለ የወረቀት ማዕዘን አንዴ ሲታጠፍ 45፣ ደግሞ ሲታጠፍ 22 ተኩል ይሆናል፤ ያንን ከጎን አቁሞ ማየት ነው። ሰው ሁሉ ሹል ማድረግ ይወዳል፤ ዶማን እንደ ቢላ የሳለ ግን በመጀመሪያው ድንጋይ ይሸርፈዋል። አካፋና ዶማ በአንድ ፊት ብቻ ይሞረዳሉ፤ በሌላው ፊት የሚወጣው ቀጭን ፍርፋሪ በአንድ ጠፍጣፋ ምት ይነሳል።

ጥርስ ያለው ማጭድ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። በጠፍጣፋ ሞረድ ፊቱ ከተሞረደ ጥርሱ ይጠፋል። ጥርስ የሌለበት ጀርባው በመሳያ ድንጋይ ተዘርግቶ ጥቂት ጊዜ ይፈገፈጋል፤ ጥርሱ ካለቀ ግን በቤት አይሆንም፣ አዲስ ጥርስ የሚያወጣው አንጥረኛ ነው።

ዛቢያ፦ ወይራ ወይስ ባሕር ዛፍ? ሽብልቅ ወይስ ምስማር?

ወይራ ጠንካራ፣ ከባድና ዕድሜው ረጅም ነው፤ ለመጥረቢያና ለአጭር መኮትኮቻ ይመረጣል። ለረጅም የአካፋ ዛቢያ ግን ክብደቱ ክንድ ይጎትታል፣ ቀጥ ያለም በቀላሉ አይገኝም። ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ፣ ርካሽና በየቦታው ያለ ነው፤ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ አዲስ አበባን የሸፈነ ዛፍ ስለሆነ ዛቢያ ፍለጋ የሚቸገር የለም። ጉድለቱ አደራረቁ ነው። እርጥብ እንደተቆረጠ የገባ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ሰው ደግሞ «ዛቢያው ቶሎ ላላ» ይላል። ሁለቱ ጫፎች በሰም ወይም በቀለም ተደፍነው፣ ጥላ ውስጥ ተጋድሞ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር መድረቅ አለበት። የእንጨቱ ጭረት ከጫፍ ጫፍ ቀጥ ብሎ ካልሄደ፣ በተለይ ጉጥ ከራሱ በ20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ካለ፣ አይወሰድም፤ የሚሰበረው እዚያው ነው።

የተሰበረውን እንጨት ከቀዳዳው ለማውጣት እሳት ውስጥ መክተት የተለመደ ነው፣ ግን ስህተት ነው። ስለቱም አብሮ ይግላል፤ ከላይ እንዳልነው ሰማያዊ ከሆነ አለቀ። እንጨቱን በመሰርሰሪያ ብዙ ቦታ በስቶ በብረት ዘንግ መትቶ ማውጣት ይሻላል። አካፋ ላይ መጀመሪያ የሚይዘው ሚስማር ወይም ሪቬት ይቆረጣል።

አገባቡ ሁለት ዓይነት ነው። የዶማ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ በኩል ሰፋ ይላል፤ ዛቢያው በቀጭኑ ጫፍ በኩል ከላይ ይገባና ወፍራሙ ጫፍ ራሱን ይይዘዋል። በተወረወረ ቁጥር ይበልጥ ስለሚጠብቅ ሽብልቅ አይፈልግም። የላላውን ራሱን ወደ ታች ገልብጦ የዛቢያውን ወፍራም ጫፍ በጠንካራ መሬት ላይ መምታት ይበቃዋል። መጥረቢያ ግን ከታች ስለሚገባ ሽብልቅ ግድ ነው። የዛቢያው ጫፍ የቀዳዳውን ጥልቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል በመጋዝ ይሰነጠቃል። ከደረቅ ወይራ የተቀረጸ ሽብልቅ ቀጭኑ ጫፍ ገብቶ እስኪያቆም ይመታል፤ ትርፉ ይቆረጣል። ድምፁ ከታፈነ ወደ ጥርት ያለ ሲቀየር ጠብቋል።

ምስማር መምታት እንጨቱን በጭረቱ ይሰነጥቀዋል፤ ለአንድ ቀን ይይዛል፣ በሳምንቱ የባሰ ይላላል። ከመኪና የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ቁራጭ መጠቅለል ለቀላል መኮትኮቻ ያገለግላል፣ ለመጥረቢያ በፍጹም። ውሃ ውስጥ ማሳደርን በተመለከተ፣ እንጨቱ አብጦ ይጠብቃል፤ ግን ያበጠው እንጨት በብረቱ ተጨፍልቆ ሲደርቅ ከበፊቱ የበለጠ ይቀጥናል። የዛሬን ሥራ ለመጨረስ ካልሆነ አይደረግም።

ዛቢያውን ለመቀባት የተልባ ዘይት ከሁሉም ይሻላል፤ አየር ሲያገኝ ይደርቃል፣ እንጨቱ ውስጥም ይጠጥራል። የምግቡ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቀጭን አድርጎ መቀባት፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን መጥረግ፣ ሦስት ጊዜ መድገም ነው። የኑግ ዘይትም ቀስ ብሎ ይደርቃልና ይተካል። የረጋው የፓልም ዘይት ግን ጨርሶ አይደርቅም፤ ተጣባቂ ሆኖ አቧራ ይሰበስባል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ከራሱ ሙቀት እሳት ሊነሳ ይችላል። ገመድ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ ይግባ፤ ቀልድ አይደለም።

ስንጥቅና ቀዳዳ፦ ብየዳ፣ ቡሎን፣ ኢፖክሲ ወይስ ሊድ?

ለስላሳ ብረት የሆነ የአካፋ አንገት ወይም የእጅ ጋሪ እግር ከተሰነጠቀ ብየዳ ነው ምርጫው። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር 6013 ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ድረስ ይሠራል፤ ለ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ግን ይበሳዋል፣ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ይዞ ወደ 50 አምፔር መውረድ ይሻላል። በስንጥቁ መጨረሻ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ሳይበሳ ከተበየደ ስንጥቁ ከብየዳው ባሻገር ይቀጥላል። ቀለምና ዝገት ሳይነሳ የተበየደ ደግሞ ውስጡ ስፖንጅ ሆኖ በመጀመሪያው ድንጋይ ይለቃል።

የባሌስትራ ዶማ በ6013 ከተበየደ ከብየዳው አጠገብ፣ ሳይነካ በቀረው ብረት ላይ፣ ይሰበራል። ያ ክፍል ግሎ በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ይሆናል። መፍትሔው ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ቀድሞ ማሞቅ፣ በደረቅ 7018 ኤሌክትሮድ መበየድ፣ ከዚያ ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብሮ ማሳደር ነው። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ በያጅ ካጋጠመ ወደ አንጥረኛ መውሰድ ይበጃል።

የእጅ ጋሪ ሣጥን ለተበሳበት ከብየዳ ይልቅ ቡሎን እንመርጣለን። ዙሪያው የቀጠነ ላሜራ ብየዳ አይሸከምም፤ በያጁ አንዱን ሲደፍን ሌላው ይከፈታል። ከቀዳዳው በየጎኑ 4 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይቆረጣል፣ ሁለቱም ፊት ፀረ ዝገት ይቀባል፣ በ6 ሚሊ ሜትር ቡሎኖች ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ይታሰራል፣ ዳዶው በ10 ቁልፍ ይጠብቃል። የቡሎኑ ራስ ወደ ውስጥ፣ ዳዶው ወደ ውጭ ይሁን፤ አለበለዚያ አካፋው ሁልጊዜ ይሰናከልበታል።

ዚንክ የተለበጠ ዕቃ መበየድ ግድ ከሆነ በየጎኑ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ዚንኩ ተሞርዶ ይነሳል፣ ሥራውም ውጭ፣ ነፋሱ ከጀርባ ሆኖ ነው። የዚንክ ጭስ የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ ወባ የያዘው ይመስል ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል። ወተት መጠጣት ያድናል የሚባለው መከላከያ አይሆንም።

ወደ ማጠጫው ስንመጣ ምርጫው በቀዳዳው ቦታ ይወሰናል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያለ አንድ ትንሽ ቀዳዳ 5 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከሁለት የላስቲክ ሮንዴላ ጋር ይዘጋዋል፤ ላስቲኩ ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ላስቲክ ይቆረጣል። አሥር ደቂቃ ይፈጃል፣ ዓመታት ይቆያል። መገጣጠሚያው ላይ የሚያፈስ ከሆነ ቡሎን አይገባም። ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ማጣበቂያ ይሠራል፤ ሁለቱ እኩል ተለክተው ይቀላቀላሉ፣ ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ሻክሮና ቅባቱ በቤንዚን ተጠርጎ፣ 24 ሰዓት ሳይነካ ይቆያል። ፀሐይ ላይ የሚውል ማጠጫ ላይ ግን ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ አይተማመኑበት።

ሊድ፣ ማለትም ቀልጦ ብረትን የሚያያይዘው ሽቦ፣ ከኢፖክሲ የተሻለ ዕድሜ አለው። ቲንና እርሳስ የተቀላቀለበት ሊድ 190 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ዚንክ ለተለበጠ ቆርቆሮ ዚንክ ክሎራይድ ያለበት ፍላክስ (ሊዱ ብረቱን እንዲይዝ የሚያደርግ ማጽጃ) ይፈልጋል። የሬዲዮ ጠጋኝ ባለ 40 ዋት ብየዳ አይበቃም፤ ቆርቆሮው ሙቀቱን ይበትነውና ሊዱ ኳስ ኳስ እየሆነ ይንከባለላል። 100 ዋትና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከሰል ላይ የጋለ ወፍራም የመዳብ ጫፍ ይጠይቃል። ሲያልቅ ፍላክሱ በውሃ ካልታጠበ ያዝጋል። ጎመንና ሰላጣ ለሚያጠጣ ማጠጫ እርሳስ የሌለበት ሊድ ይገዛ። ወለሉ በሙሉ እንደ ወንፊት ከሆነ አንድ በአንድ መድፈን ትርፉ ድካም ነው፤ ቆርቆሮ ሠሪ አዲስ ወለል ቢያጥፍበት ይረክሳል።

መግረዣ መቀስ

የተጣበቀውን በመዶሻ አይክፈቱት። ዳዶው ላይ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ጠብ አድርጎ ማሳደር፣ ጠዋት በቀስታ ማንኳኳት፣ ከዚያ መፍታት። ከመፍታትዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ሮንዴላዎቹ በየትኛው በኩል እንደነበሩ ማንም አያስታውስም። ሁለቱ ምላጮች የሚተላለፉ ከሆነ የሚሳለው ቀጭኑ ምላጭ፣ እሱም ያዘነበለው ፊቱ ብቻ ነው። ጠፍጣፋው ፊት ከተሞረደ በምላጮቹ መሐል ክፍተት ይፈጠርና ቅርንጫፉን ከመቁረጥ ይልቅ ያኝከዋል። ዳዶው የሚጠብቀው መቀሱ በራሱ ክብደት ሳይከፈት፣ ሆኖም ያለ ጉልበት እስኪዘጋ ድረስ ነው። አንድ ገጽ ጋዜጣ ከሥር እስከ ጫፍ ሳይቀደድ ከቆረጠ ተስተካክሏል።

በመጨረሻ ምን ይቀባል?

አፈር የሚነካው ፊት ቀለም አይቀባም፤ አንድ ቀን ሳይሞላው ይፋቃል፣ በጠርዙ ሥር የሚገባው እርጥበት ደግሞ ተሸፍኖ ያዝጋል። ለዚያ ቀጭን ዘይት ነው፤ ተጠቅሞ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በዘይት ጨርቅ ማበስ። ደረቅ አሸዋ በባልዲ ሞልቶ ግማሽ ሊትር ንጹሕ የሞተር ዘይት ቀላቅሎ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ዶማውን ሁለት ሦስት ጊዜ መውጋት ያጸዳዋል፣ ይቀባዋልም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በነጻ ስለሚገኝ ብዙዎች ይጠቀሙታል፤ ከባድ ብረቶችና መርዛማ ቅሪቶች ስላሉበት አትክልት የሚበቅልበት አፈር ውስጥ እንዲገባ አንፈልግም። ግሪስ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ዕቃና ለእጅ ጋሪ ኩሽኔታ ነው፤ በየቀኑ የሚሠራ ዶማ ላይ አፈር ያጣብቃል።

ቀለም የሚገባው ለእጅ ጋሪ፣ ለአካፋ ጀርባና ለአንገት ነው፤ አንድ እጅ ቀይ ፀረ ዝገት፣ ደርቆ ሁለት እጅ ቀለም። ዚንክ በተለበጠ ቆርቆሮ ላይ ተራ የዘይት ቀለም በጥቂት ወር እንደ ቆዳ ይገፈፋል፤ ዚንኩ ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶ ከሥሩ ሳሙና መሰል ነገር ስለሚፈጥር ነው። በአቼቶ በራሰ ጨርቅ ፊቱን ፈጥኖ ማበስ፣ በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ለዚንክ የተሠራ መነሻ ቀለም መቀባት ያስፈልጋል፤ ካልተገኘ ሳይቀባ ቢቀር ይሻላል።

ጠግኖ መያዝ ወይስ መተው?

የአካፋ ሰሌዳ መሐሉ ሲታጠፍ እንደ ካርቶን ከታጠፈ፣ ወይም ጫፉ ከመጀመሪያው ርዝመቱ ሢሶውን ካጣ፣ ቀለምና ብየዳ አይመልሰውም። የመጥረቢያ ዓይን ከተሰነጠቀም በቤት አይበየድም፤ ሲለቅ ወደ ማን እንደሚበር አይታወቅምና። ጫፉ ያለቀ ወፍራም የባሌስትራ ዶማ ግን አይጣልም። አንጥረኛ ዘንድ ጫፉ በእሳት ተስቦ ይረዝማል ወይም አዲስ ብረት ይቀጠልለታል፣ እንደገናም ይጠጥራል። ሲረከቡ በሞረድ ይሞክሩት፤ ሞረዱ በቀላሉ ከበላው ሳይጠጥር ተሰጥቷል፣ ጨርሶ ከተንሸራተተ ደግሞ ከልክ በላይ ጠጥሮ ሊሸረፍ ነው፣ ሁለቱንም እዚያው ማስመለስ ይቻላል። የማይጠገነው አካፋ ሰሌዳ ደግሞ ለእጅ ጋሪው ቀዳዳ መለጠፊያ ላሜራ ይሆናል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብተው ቁራጭ ከመፈለግ ያድናል።